ሕፃኑ ጀርባ ላይ ያለው እብጠት፦ ስፓይና ቢፊዳ ምንድን ነው? እንዴትስ ይታከማል?

ምጡ በሰላም አልቋል። ሕፃኑ አልቅሷል። ቤተሰቡ እልል ሊል ሲል አዋላጇ ሕፃኑን ገልብጣ ጀርባውን ታያለች። ዝም ትላለች። ከወገቡ ላይ፣ አከርካሪው መሃል፣ ቆዳ ያልሸፈነው ቀይ እብጠት አለ። ውሃ የቋጠረ ይመስላል። ከዚያ በኋላ የሚወራው ብዙ ነው። አንዷ "ግርዶሽ ላይ ወጥታ ነው" ትላለች። ሌላዋ "ምች መቷት ነው"። ራቅ ብሎ ደግሞ "ምን ሠርታ ቢሆን ነው?" የሚል ሹክሹክታ ይሰማል።

እብጠቱ ስም አለው። ሐኪሞች ስፓይና ቢፊዳ ይሉታል፤ በአማርኛ የሕብለ ሰረሰር ክፍተት ሲባልም ይሰማል። በዓለም ደረጃ ይህና ተመሳሳዮቹ ክፍተቶች ከ10,000 ወሊዶች በ20 ገደማው ላይ ይታያሉ። ኢትዮጵያ ውስጥ በሆስፒታሎች የተደረጉ ጥናቶች ግን ከ10,000 ወሊድ ከ60 በላይ፣ አንዳንዶቹም ከ100 በላይ ቆጥረዋል። ስለዚህ ነገሩ ብርቅ አይደለም። ብርቅ የሆነው በግልጽ የሚያስረዳ ሰው ነው።

ለመሆኑ እንዴት ይፈጠራል?

መጀመሪያ ሁለት ቃላት እንለይ። አከርካሪ አጥንቱ ነው፤ ከአንገት እስከ መቀመጫ የተደረደረው። ሕብለ ሰረሰር ደግሞ በአጥንቱ መሃል የሚወርደው የነርቭ ገመድ ነው። አንጎል "እግር ተንቀሳቀስ"፣ "ፊኛ ያዝ" ብሎ የሚያዘው በዚህ ገመድ ነው። እግር እሳት ሲነካውም ወሬው ወደ ላይ የሚደርሰው በእሱ ነው።

ይህ ገመድ ሲጀመር ገመድ አይደለም። ዝርግ ነው፤ እንደ እንጀራ። ፅንሱ ገና ከሩዝ ፍሬ ያልበለጠ እያለ ዝርጉ ከሁለት ጎን ብድግ ይልና ይጠቀለላል። ጠርዝና ጠርዙ መሃል ላይ ይገናኙና ይጣበቃሉ፤ ቱቦ ይሆናል። የላይኛው ጫፍ አንጎል፣ የቀረው ሕብለ ሰረሰር ይሆናል። አጥንቱ፣ ጡንቻውና ቆዳው ከላይ የሚሸፍኑት ከዚያ በኋላ ነው።

አንዳንዴ ታዲያ ጥቅልሉ አንድ ቦታ ላይ ሳይገጥም ይቀራል። ከታች ወገብ አካባቢ ከሆነ ስፓይና ቢፊዳ ነው። ከላይ ጭንቅላት ላይ ከሆነ አንጎሉ በአብዛኛው ሳይሠራ ይቀራል፤ አንኤንሴፋሊ ይባላል። እንዲህ ያለ ሕፃን ወይ ሞቶ ይወለዳል፣ ወይ ከሰዓታትና ከጥቂት ቀናት በላይ አይቆይም።

እዚህ ላይ አንድ ቁጥር ያዙልኝ፦ 28። ጥቅልሉ ገጥሞ የሚያልቀው ከፅንሰቱ በኋላ እስከ 28ኛው ቀን ባለው ጊዜ ነው። በዚያ ቀን እናትየው የወር አበባዋ ከቀረባት ገና ሁለት ሳምንት ገደማዋ ነው። ብዙ ሴት ማርገዟን እንኳን አታውቅም። "ዘግይቷል፣ ደክሞኝ ይሆናል" እያለች ሳለ በሩ ይዘጋል። ከዚያ ወዲያ የሚዋጥ ምንም መድኃኒት ክፍተቱን አይዘጋውም።

ሁሉም ክፍተት አንድ ዓይነት ነው?

አይደለም። በጣም ቀላሉ ድብቁ ነው። አጥንቱ ላይ ትንሽ ክፍተት ትኖራለች፤ ነርቩ ግን ደህና ነው፣ ቆዳውም ሸፍኖታል። ብዙ ሰው ይህ እያለበት ሳያውቅ ይኖራል፤ ለሌላ ነገር ራጅ ሲነሳ ይታያል። የሕፃኑ ወገብ ላይ የፀጉር ቁጥቋጦ፣ ጥልቅ ስርጉድ ወይም የስብ እብጠት ካለ ግን ማሳየት ይሻላል። አንዳንዴ ከሥር ገመዱ ተጣብቆ ይገኛልና፣ ልጁ ሲያድግ ይወጠራል።

ሁለተኛው የነርቩ ሽፋን ብቻ ውሃ ቋጥሮ ወደ ውጭ የወጣበት ነው። ከረጢቱ ውስጥ ነርቭ ስለሌለ ከቀዶ ጥገና በኋላ አብዛኞቹ ልጆች ደህና ይሆናሉ።

ሦስተኛውና ከባዱ ማየሎመኒንጎሲል የሚባለው ነው። ሕብለ ሰረሰሩ ራሱ ከነሽፋኑ ወጥቶ ይታያል። ሰዎች ስፓይና ቢፊዳ ሲሉ ብዙውን ጊዜ ይህን ማለታቸው ነው። የቀረው ጽሑፍም ስለዚሁ ነው።

ጥፋቱ የማን ነው?

የማንም። ግርዶሽ አይደለም፣ ምች አይደለም፣ እርግማንም አይደለም። አባትየው "ከእኔ ዘር የለም" ብሎ የሚሸሽበት ነገርም አይደለም። የሁለቱም ወላጆች ዘረመል፣ የእናት የፎሌት መጠንና ሌሎች ነገሮች ተደማምረው ነው የሚያመጡት። ያልታከመ ስኳርና ከመጠን ያለፈ ውፍረት አደጋውን ይጨምራሉ። ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ቫልፕሮዬትም እንዲሁ። (ይህን መድኃኒት የምትወስድ ሴት በራሷ ጊዜ እንዳታቆም። ለማርገዝ ስታስብ ቀድማ ሐኪሟን ታናግር፤ የሚቀየር ከሆነ እሱ ይቀይረዋል።)

ፎሌት ከቫይታሚን ቢ ቤተሰብ ነው። ሕዋሳት ሲባዙ ይፈልጉታል። ጥቅልሉ በሚገጥምበት ሰሞን ደግሞ የፅንሱ ሕዋሳት የሚባዙበት ፍጥነት ለጉድ ነው። በእንክብል መልክ የሚሠራው ፎሌት ፎሊክ አሲድ ይባላል።

"ሽሮና ምስር እየበላን፣ ጎመን እየበላን እንዴት ፎሌት ይጎድለናል?" ጥያቄው ትክክል ነው። ምስር፣ ሽምብራ፣ ባቄላና ጎመን ፎሌት አላቸው። ግን ፎሌት ሙቀት አይችልም፤ ውሃ ውስጥም ይሟሟል። ጎመኑ ተቀቅሎ ውሃው ሲደፋ ብዙው አብሮ ይሄዳል። ወጡም እሳት ላይ ብዙ ይቆያል። ለፅንስ የሚመከረውን ያህል በምግብ ብቻ መሙላት ለማንም ከባድ ነው።

ሕፃኑ ሲወለድ ምን ይደረግ?

እዚህ ላይ ሰዓት መቁጠር ይጀመራል። እብጠቱ ክፍት በር ነው፤ ጀርም በዚያ ገብቶ በቀጥታ ሕብለ ሰረሰርና አንጎል ይደርሳል። ማጅራት ገትር ያስይዛል። ስለዚህ ክፍተቱ በተቻለ መጠን በ48፣ ቢዘገይ በ72 ሰዓት ውስጥ እንዲዘጋ ይመከራል።

እስከዚያው ሕፃኑ በሆዱ ወይም በጎኑ ይተኛል። እብጠቱ በጨዋማ የሕክምና ውሃ በራሰ ንጹሕ ፋሻ ይሸፈናል። ቅቤ አይቀባም። ቅጠል አይደረግበትም። "ይፍሰስለት" ተብሎም አይበጣም። ጡት ግን ይጠባል፤ የሚከለክለው ነገር የለም። ፀበል የሚያስቡ ካሉ ቁስሉ ተዘግቶ ከዳነ በኋላ ይድረስ።

አገር ቤት ችግሩ ርቀቱ ነው። ከጤና ጣቢያ ሪፈር ተጽፎ፣ ብር ተፈልጎ፣ መኪና ተገኝቶ እስኪደረስ 72 ሰዓቱ ያልፋል። ድሮ ደግሞ ቢደረስም ቀዶ ጠጋኙ አይገኝም ነበር። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከኖርዌዩ በርገን ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ የአንጎልና የነርቭ ቀዶ ሐኪሞችን ማሠልጠን የጀመረው በፈረንጆች 2006 ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በፈረንጆች ናቸው)። ዛሬ ዘውዲቱ ሆስፒታል የሕፃናቱ ዋና መዳረሻ ሆኗል። ከዚያ የወጡ ሐኪሞች በክልል ሆስፒታሎችም አሉ። ዘግይቶ የደረሰ ልጅ "አልፎበታል" ተብሎ አይመለስም። ቁስሉ ጀርም ከያዘ በመድኃኒት ይጸዳና ከዚያ ይዘጋል።

ቀዶ ጥገናው ምን ይሠራል? ምንስ አይሠራም?

ሐኪሙ የወጣውን ነርቭ ወደ ቦታው ይመልሳል። ሽፋኑን ይሰፋል፣ ጡንቻውን ይደርባል፣ ቆዳውን ይገጥማል። ጀርም የሚገባበት በር ተዘጋ ማለት ነው። የተረፈው ነርቭም እንዳይጎዳ ይጠበቃል።

የጠፋውን ግን አይመልስም። ወላጅን ብዙ ጊዜ የሚያሳዝነው ይህ ነው። "ኦፕራሲዮን ተደርጎለት እግሩ ለምን አልተንቀሳቀሰም?" ይላሉ። እግሩን የሚያዝዘው ነርቭ ማህፀን ውስጥ እያለ ስለተጎዳ ነው። ልጁ ይሄዳል አይሄድም የሚለውን በዋናነት የሚወስነው የክፍተቱ ከፍታ ነው። ወደ መቀመጫ ዝቅ ያለ ከሆነ ብዙዎቹ ይራመዳሉ፤ አንዳንዱ በራሱ፣ አንዳንዱ በድጋፍ ጫማና በክራንች። ደረት አካባቢ ከሆነ ዊልቸር ነው።

አንድ ነገር አስምሩበት፦ እግር አልሠራም ማለት አእምሮ አልሠራም ማለት አይደለም። አብዛኞቹ ልጆች የመማር አቅም አላቸው። አንዳንዶቹ በሒሳብና ትኩረት በመሰብሰብ በኩል ድጋፍ ይፈልጋሉ። ብዙ ጊዜ ከትምህርት የሚያስቀራቸው ጭንቅላታቸው ሳይሆን የትምህርት ቤቱ ደረጃና መጸዳጃው ነው።

ጭንቅላቱ ለምን ያድጋል?

ጀርባው ተዘግቶ ቤተሰብ እፎይ ሲል ሁለተኛው ነገር ይመጣል። የሕፃኑ ጭንቅላት ከልክ በላይ ማደግ ይጀምራል። እርግብግቢቱ ይነፋል። ዓይኖቹ ወደ ታች ይወርዳሉ፤ ከጥቁሩ በላይ ነጩ ይታያል። ሀይድሮሴፋለስ ይባላል፤ ጭንቅላት ውስጥ ውሃ መጠራቀም ማለት ነው።

አንጎላችን ውስጥ ቀን ከሌት የሚመነጭ ጥርት ያለ ፈሳሽ አለ። ዞሮ ዞሮ ወደ ደም ይመለሳል። ጣሪያ ላይ ያለ ሮቶ አስቡ። ከላይ ውሃ ይገባል፣ ከታች ይወጣል። መውጫው ሲደፈን ሮቶው ይሞላል። የስፓይና ቢፊዳ ሕፃናት ላይ የአንጎሉ የኋላ ክፍል ወደ አንገት ስለሚወርድ መውጫውን ያጣብበዋል።

የተለመደው መፍትሔ ሻንት ነው። ቀጭን ቱቦ ከአንጎል ተነስቶ፣ በቆዳ ሥር በአንገትና በደረት ወርዶ፣ ሆድ ውስጥ ይገባል። ትርፉ ውሃ ሆድ ውስጥ ይፈስና ሰውነት ይመጥጠዋል። መሃሉ ላይ ቫልቭ አለ፤ ውሃው በልኩ ብቻ፣ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ እንዲሄድ።

ይህን ቫልቭ ሐኪም አይደለም የሠራው። ፊላደልፊያ አካባቢ ጆን ሆልተር የሚባል የቁልፍ ፋብሪካ ቴክኒሺያን ነበር። በ1955 ልጁ ኬሲ በስፓይና ቢፊዳና በሀይድሮሴፋለስ ተወለደ። በጊዜው የነበሩት ቱቦዎች ይደፈኑ ነበር። አባትየው ከቀዶ ሐኪሙ ዩጂን ስፒትዝ ጋር ተነጋገረና ከሲሊኮን ቫልቭ ሠራ። በ1956 ሥራ ላይ ዋለ። ኬሲ ዕድሜው አጭር ሆነ። የአባቱ ፈጠራ ግን ስፍር ቁጥር የሌላቸውን ልጆች አተረፈ።

ሻንት ታዲያ ዕቃ ነው፤ ይደፈናል፣ ጀርም ይይዛል። ልጁ ደጋግሞ ካስመለሰ፣ ከወትሮው በላይ እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው፣ እርግብግቢቱ ከተወጠረ ወይም ራሱን በጣም ካመመው "ነገ እናያለን" አይባልም። በዚያው ቀን ሆስፒታል።

ሆስፒታሉ የሁለት ቀን መንገድ ለሆነበት ሰውስ? አሜሪካዊው ሐኪም ቤንጃሚን ዋርፍ ኡጋንዳ፣ ምባሌ ከተማ ሲሠራ የገጠመው ጥያቄ ይኸው ነበር። መልሱ ቱቦ የሌለው ሕክምና ሆነ። በቀጭን ካሜራ ገብቶ አንጎል ውስጥ ባለው የክፍሉ ወለል ላይ ቀዳዳ ይከፍታል፤ ውሃው ሌላ መውጫ ያገኛል። ከዚያ ውሃ አመንጪውን ሥጋ ይተኩሰዋል፤ የሚመነጨው ይቀንሳል። ለሁሉም ልጅ አይሆንም። ካልሠራ ግን ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ወራት ይታወቃል። እኛም አገር ይሠራል።

ማንም የማያወራው ጉዳይ፦ ሽንት

ስለ ጀርባና ስለ ጭንቅላት ሁሉም ያወራል። ስለ ሽንት ግን አፍ ይያዛል፤ ያሳፍራል። እኔን ብትጠይቁኝ ከቀዶ ጥገናው ቀጥሎ ዋናው ነገር ይኸው ነው።

ፊኛን የሚያዝዙት ነርቮች ከሕብለ ሰረሰሩ ታችኛ ጫፍ ስለሚወጡ አብዛኞቹ ልጆች ላይ ተጎድተዋል። ፊኛው ተሟጦ አይወጣም። ዳይፐሩ ስለራሰ ሽንቱ የወጣ ይመስላል፤ የወጣው ግን የሞላው ሲገነፍል ነው። የቀረው ሽንት ጀርም ያፈራል። ግፊቱ ሲበዛ ደግሞ ወደ ላይ፣ ወደ ኩላሊት ይመለሳል። ልጁ አያመውም፣ አያለቅስም። ኩላሊቱ በዝምታ ያልቃል። ድሮ ከሕፃንነት የተረፉትን የሚገድላቸው ብዙውን ጊዜ ይህ ነበር።

መፍትሔው ቀጭን ፕላስቲክ ቱቦ ነው። በየሦስት አራት ሰዓቱ በሽንት ቧንቧ ገብቶ ፊኛውን ባዶ ያደርግና ይወጣል። እናት ወይም አባት በአንድ ቀን ይማሩታል። ልጁም ትምህርት ቤት በሚገባበት ዕድሜ ራሱ መማር ይጀምራል። ጃክ ላፒደስ የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም በ1972 ያስተዋወቀው ነገር ቀላል ነበር፦ ዋናው አዘውትሮ ባዶ ማድረጉ ነው፤ እጅና ቱቦው ንጹሕ ከሆኑ ይበቃል፣ እንደ ቀዶ ጥገና ክፍል ከጀርም የጸዳ መሆን የለበትም። ለድሃ ቤት ትልቅ ዜና ነው። ሳሙናና ውሃ ካለ ይቻላል።

አንጀትም እንደዚሁ ይሰንፋል፤ ድርቀት ይበዛል። ቁርስ በልቶ ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት መጸዳጃ ላይ መቀመጥን ማስለመድ፣ ሲያስፈልግም የአንጀት ማጠቢያ መጠቀም ብዙ ይረዳል።

ሌላው ስሜት የሌለው እግር ነው። ከሰል ምድጃ አጠገብ የተቀመጠ ልጅ እግሩ እየተቃጠለ ላያውቅ ይችላል። ጫማ ቢልጠውም አይሰማውም። ማታ ማታ የእግሩን መዳፍና መቀመጫውን ማየት ልማድ ይሁን። የጎማ ጓንትና ፊኛ መጫወቻ የሚሠሩበት ላቴክስ ደግሞ ብዙዎቹን አለርጂ ስለሚያስይዝ ቢርቃቸው ይሻላል። የዞረ እግር ካላቸው ከሕፃንነት በጀሶ ቀስ በቀስ ይቃናል።

ማህፀን ውስጥ እያለ አይታከምም?

ይታከማል፤ ግን በጥቂት አገሮች ባሉ ትልልቅ ማዕከላት ነው። አሜሪካ ውስጥ የተደረገና በ2011 የታተመ ጥናት ከ26ኛው የእርግዝና ሳምንት በፊት ማህፀን ተከፍቶ ጀርባው የተዘጋላቸውን ከተወለዱ በኋላ ከተሠራላቸው ጋር አነጻጸረ። ከተወለዱ በኋላ ከታከሙት 82 በመቶዎቹ በአንድ ዓመት ውስጥ ሻንት አስፈለጋቸው፤ ማህፀን ውስጥ ከታከሙት 40 በመቶዎቹ ብቻ። በሁለት ዓመት ተኩል ያለ ድጋፍ የሄዱትም 42 በመቶ ሆኑ፤ በሌላው ወገን 21። ዋጋ አለው ታዲያ። ያለ ጊዜው መወለድ ይበዛል። የእናት ማህፀን ላይም ጠባሳ ይቀራል፤ ቀጣዮቹ ልጆች ሁሉ በቀዶ ጥገና ነው የሚወለዱት።

አሜሪካ፣ እስራኤል ወይም አውሮፓ ያላችሁ፣ በ20ኛው ሳምንት አካባቢ በሚደረገው አልትራሳውንድ ነገሩ ከታየ ይህን አማራጭ ወዲያው ጠይቁ። 26ኛው ሳምንት ሩቅ አይደለም።

አጥንቱ ራሱ ተጣሞ ሲፈጠርስ?

ይህ ሌላ ችግር ነው፤ ከስፓይና ቢፊዳ ጋር ይምታታል። ካብ ሲካብ አንዱ ድንጋይ ሽብልቅ ቢሆን ካቡ ያዘማል። አንድ የአከርካሪ አጥንት ግማሹ ብቻ ሲሠራ የሚሆነው ይኸው ነው። ልጁ ባደገ ቁጥር ጥመቱ ይብሳል። ቀበቶና ማሰሪያ እዚህ ላይ ብዙ አይረዱም። ጥመቱ እየጨመረ ከሆነ ቀዶ ጥገና ነው፤ ዘግይቶ ከማቃናት ቀድሞ ማስቆም ይቀላል። ልብና ኩላሊት በነዚያው ሳምንታት ስለሚፈጠሩ እነሱም አብረው ይመረመራሉ። አዲስ አበባ የኖረው ሐኪም ሪክ ሆድስ ለዓመታት አከርካሪያቸው የተጣመመ ኢትዮጵያውያንን ወደ ጋና፣ አክራ እየላከ ያሳክም ነበር። አንዳንዶቹ ግን ሲፈጠሩ ሳይሆን አከርካሪ ውስጥ በገባ ቲቢ የተጣመሙ ናቸው።

አስቀድሞ መከላከልስ?

በአብዛኛው ይቻላል። በ1991 የታተመ የሰባት አገሮች ጥናት ቀድሞ እንዲህ ያለ ልጅ የወለዱ እናቶችን ተከታተለ። ከማርገዛቸው በፊት ፎሊክ አሲድ በጀመሩት ላይ ችግሩ በ72 በመቶ ቀነሰ።

የኛ አገር ነገር የሚሰናከለው ጊዜው ላይ ነው። ለነፍሰ ጡር የሚሰጠው የአይረን እንክብል ውስጥ ፎሊክ አሲድ አለ። ብዙ እናቶች ግን ክትትል የሚጀምሩት ሦስት አራት ወር ሲሞላቸው ነው። እንክብሉ ለደም ማነስ ይጠቅማል፤ ለጥቅልሉ ግን በሩ ከተዘጋ ሁለት ሦስት ወር ሆኖታል።

ሌሎች አገሮች የመረጡት መንገድ ዱቄት ውስጥ መጨመር ነው፤ ማንም ሳያስብ ይበላዋል። አሜሪካ ከ1998 ጀምሮ በስንዴ ዱቄት ላይ አስገድዳለች። የላቲን አሜሪካ ተወላጆች ግን ቶርቲያቸው የበቆሎ ስለሆነ ብዙም አልደረሳቸውም፤ በበቆሎ ዱቄት ላይ የተፈቀደው በ2016 ነው። ነገሩ ለኛ እንግዳ አይደለም። ኢትዮጵያም በ2022 የስንዴ ዱቄት እንዲበለጽግ ደንግጋለች። ጤፉን ራሱ አስፈጭቶ እንጀራ ለሚጋግር ቤት ግን የፋብሪካ ዱቄት ሕግ ምን ይደርሰዋል? ጨው ሁሉም ቤት ስለሚገባ ፎሊክ አሲድ በጨው እንዲሰጥ የሚሞከረው ለዚህ ነው። ውጭ አገር ሆናችሁ ንጹሕ ጤፍ ብቻ የምትጋግሩም እዚሁ ውስጥ ናችሁ።

ስለዚህ ማርገዝ የምትችል ሴት ከማርገዟ ቢያንስ አንድ ወር ቀደም ብላ በቀን 400 ማይክሮግራም ፎሊክ አሲድ ትጀምራለች፤ እስከ እርግዝናው ሦስተኛ ወር ትቀጥላለች። መድኃኒቱ ርካሽ ነው።

መጀመሪያ ላይ ያየናት እናት ግን ይህ አይበቃትም። አንድ እንዲህ ያለ ልጅ ከወለደች በኋላ የመደገም ዕድሉ ከመቶ 2 እስከ 5 ነው። የሚታዘዝላትም አሥር እጥፉ፣ በቀን 4 ሚሊግራም ነው፤ ብዙ ቦታ የሚገኘው ባለ 5 ሚሊግራሙ እንክብል ነው። ስለ ሕፃኑ ጀርባ ሲነገራት ይህ ብዙ ጊዜ ይረሳል። ከሆስፒታል ስትወጣ ማዘዣው እጇ ላይ መኖሩን አብሯት ያለ ሰው ይይላት።